የቡን ቴክ ግድግዳ

ግንበኛው ራዝላን ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳው። ባዶ ጣሳ የተመታ ይመስል ጮኸ።

«እማማ ሲዩ ሆንግ፣ ውስጡ አልቋል» አለ። «ይሄ ቀለም አፍኖታል። የድሮ የኖራ ግድግዳ ካልተነፈሰ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሳይጀምር ካልፋቅነው ቤቱ ይናድብዎታል።»

ግድግዳው ላይ ባሏ ቡን ቴክ በካናቴራው ቆሞ የሩዝ ኑድል ይጠብሳል። በሞተ በሦስተኛው ዓመት አንድ ሠዓሊ ከመታወቂያው ፎቶ አይቶ የሣለው ነው። ከዚያ ወዲህ የጆርጅ ታውንን ከተማ ሊያይ የመጣ ሁሉ ከሥሩ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ዞሮ እሷ የጠበሰችውን ይበላል። በየጠዋቱ የመጀመሪያዋ ሳህን የቡን ቴክ ናት፤ እግሩ ሥር ትቀመጥለታለች። አንድ ቱሪስትማ አንስቶ ጥርግ አድርጎ በልቶለታል! ሲዩ ሆንግ ያን ቀን የሳቀችውን ያህል ከቀብሩ ወዲህ ስቃ አታውቅም።

ከዚህ ሌላ የእሱ ምስል የላትም። መታወቂያው በጎርፍ ሄዷል።

«እሱን ሳልጠይቅ አይሆንም» አለች።

ሙታንን የምትጠይቀው እናቷ እንዳስተማረቻት በሁለት ሳንቲም ነው። አንዱ ፊት አንዱ ጀርባ ከሆነ እሺ ማለት ነው፤ ሁለቱም ጀርባ ከሆኑ እምቢ፤ ሁለቱም ፊት ከሆኑ ሟቹ እየሳቀ ነው፣ ጥያቄው አልጣመውም።

«እዚሁ ከእኔ ጋር መቆየት ትፈልጋለህ አይደል?» አለችና ወረወረች።

ሳቀ።

«ቀልዱን ተወኝ፣ አንተ ሰውዬ! ትፈልጋለህ?»

አሁንም ሳቀ።

ራዝላን ጉሮሮውን ጠረገ። «በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ግን እማማ፣ መልሱን እርስዎ እየነገሩት እኮ ነው።»

ተናደደች። የተናደደችው እውነት ስለሆነ ነው። መፋቁን እምቢ እንዲልላት ነበር የፈለገችው፤ እሱ እምቢ ካለ ቤቱ ቢናድም ጥፋቱ የእሷ አይሆንም። ሳንቲሞቹን ከመሬት ለቀመች።

«ቡን ቴክ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልፋቅህ?»

አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ።

ተሰልፈው ከነበሩት ጎብኚዎች አንዷ ራዝላን ያቆመውን መሰላል አይታ «ኧረ ተዉ፣ ያሳዝናል!» አለች። ራዝላን መፋቂያውን ይዞ ከሥዕሉ ጫማ አጠገብ ተንበረከከ።

«ከታች አትጀምር» አለች ሲዩ ሆንግ።

«ለምን እማማ? ፊቱን ለመጨረሻ ላቆይልዎት ብዬ ነው እኮ።»

«ግማሽ አካሉ ሲፋቅ ቆሞ ይመልከት? አላደርገውም። አምጣው ወዲህ።»

መፋቂያውን ተቀብላ በሰባ አንድ ዓመቷ መሰላሉን ወጣች። ራዝላን ከሥር ደግፎ ያዘላት። ከባሏ ፊት ለፊት ስትደርስ በግራ መዳፏ ሁለቱን ዓይኖቹን ሸፈነች፤ ቀለሙ በፀሐዩ ሞቆ ነበር። መዳፏን ሳታነሳ በቀኝ እጇ ከግንባሩ ጀመረች።