ሦስት ረድፍ ላክሪማ

«ፕሪሞ የወይን ጠጅ በርሜላቸው ውስጥ ጽጌረዳ ይጨምራሉ» የሚለውን ወሬ እትዬ አርጂያ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ማውራት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ኅዳር በመጣ ቁጥር ይታደሳል። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ቅርጫቱን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ!»

ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ የጠወለገ የወይን ፍሬ ነው። አዲሱ ወይን ጠጅ መፍላቱን ሲያቆም ይህን ይጨምሩበትና እንደገና ይቀሰቅሱታል። የድሮ ሰው ሥራ ነው፤ በጣሊያኗ መንደር በሞሮ ዳልባ አሁን ከፕሪሞ በቀር የሚደክምበት የለም።

«እትዬ አርጂያ» አለቻቸው አንድ ቀን የፕሪሞ የልጅ ልጅ ኒቬስ፣ «የኛ ግቢ ጽጌረዳ ቢኖረው ኖሮ እስካሁን እርስዎ ቀጥፈው ጨርሰውት ነበር።» ዳቦ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

በመጋቢት አንድ እሑድ ግን ሳቁ ጠፋ። ፕሪሞ ላክሪማ፣ ማለትም «እንባ»፣ የሚባለው ወይን የተተከለባቸውን ሦስት ረድፎች ግንዳቸውን አስቆርጠው የሌላ ወይን ቅርንጫፍ ሊያስቀጥሉባቸው መሆኑን ተናገሩ።

«ላክሪማ ቆዳዋ ስስ ነው። ትንሽ ካፊያ ሲነካት ትቀደድና ታለቅሳለች። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሚያለቅስ ማባበል ሰለቸኝ።»

ኒቬስ ከነዚያ ረድፎች በቀር ከዚህ ዓለም የምትመኘው ርስት አልነበራትም። «ለእኔ ይተዉልኝ፣ አባባ። እኔ እጠምቀዋለሁ።»

«ወይን መርገጥማ አህያም ይረግጣል! አንቺ የምታወሪው ከመጽሐፍ የለቀምሽውን ነው። ብርጭቆው ውስጥ ምን እንዳለ እንደ ሰው ከነገርሽኝ ረድፎቹ ያንቺ ናቸው። አለበለዚያ ቅዳሜ ኩዊንቶ ቢላውን ይዞ ይመጣል።»

ቅዳሜ መጣ። የወይን ግንድ በመቀጠል አገር ያወቀው ኩዊንቶም ለቀብር የተጠራ ይመስል ፊቱን አጥቁሮ፣ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ማዕድ ቤት ተቀመጠ። ፕሪሞ ከላክሪማው ወይን ጠጅ ቀዱ። ኒቬስ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጽጌረዳ አለው።»

«እሱንማ አርጂያም ታውቃለች!»

«ያስጨርሱኝ እንጂ! የፈካው አይደለም። ነፍሷን ይማርና አያቴ ጸሎት መጽሐፏ ውስጥ ረስታው የምታደርቀው ዓይነት ነው። ከሥሩ የቫዮሌት አበባ አለ፤ ዝናብ ሲያባራ ጉድባው ዳር የምንለቅመው፣ ከነአፈሩ። ከዚያ ምድጃ ላይ የተረሳ የብርቱካን ልጣጭ። መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ አፍንጫ ይኮረኩራል።»

ፕሪሞ ብርጭቆውን በአገጫቸው አመለከቱ። ከዚያ፣ «ቅመሺዋ» አሉ።

ተጎነጨች። «ውሸታም ነው።»

ኩዊንቶ እንኳ ቀና አለ።

«ሽታው ማር ነኝ ብሎ ይምላል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን የስኳር ዘር የለውም። የዱር እንጆሪ ያቀምስና እንደ ወፍራም ሻይ ምላስ ይይዛል። ብቻውን ሲጠጣ ያኮርፋል። ቻውስኮሎ፣ ያ ለስላሳ ቋሊማ፣ የተቀባ ዳቦ ሲያገኝ ግን ያ ሁሉ ኩርፊያ ይለሰልሳል። ቁርጥ እርስዎን ነው፣ አባባ፤ ምሳ እስኪቀርብ ይቆጣል።»

ፕሪሞ ብርጭቆውን ከእጇ ወስደው የቀረውን ጨለጡት። ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ።

«ሦስቱም ያንቺ ናቸው» አሉ። «አሁን ያንን ቋሊማ አምጪ፤ ምላስሽ ረሃቤን ቀሰቀሰው።»

መላጣቸውን ስማ ሮጠች። ቻውስኮሎውን እንደ ቅቤ ዳቦ ላይ እየቀባች አቀረበች፤ ሦስቱም እስኪበቃቸው በሉ፣ ጠጡ።

ከምሳ በኋላ ኩዊንቶን እስከ መኪናው ሸኘችው። ድል አድርጋም ቢሆን አሳዘናት።

«ጋሼ ኩዊንቶ፣ ቅዳሜህን አበላሸሁብህ። ለመቀጠያ የቆረጥካቸው ቅርንጫፎችም ሊደርቁብህ ነው።»

«የምን ቅርንጫፍ?» አለ፣ የመኪናውን በር እየከፈተ። «አያትሽ እኮ ሰኞ ጠዋት ደውለው ‹ምንም እንዳትቆርጥ፤ ፊትህን አጥቁረህ ምሳ ብላልኝ› ብለውኛል።»