ደንብ ሰባት እና የሰጠሙት ጀልባዎች

«ሞዴልሽ ታሟል» አላት ዶክተር ሰላሀዲን፣ ደስታውን ሳይደብቅ።

ኢንሳፍ የሐይቅ ከተማን ሐይቅ ዓሣ በኮምፒውተር የምታስመስል ባለሙያ ናት፤ ስንት ጀልባ ወጣ፣ ስንት ዓሣ ተረፈ፣ ለከርሞስ ምን ይቀራል? ሰላሀዲን ደግሞ የእንዲህ ዓይነት ሞዴል ስህተት የሚለቅም «ኤክስፐርት ሲስተም» አለው። ዕውቀቱን ሁሉ ደንብ አንድ፣ ደንብ ሁለት እያለ አራግፎበታል። ማሽኑም አባቱን ወጣ፤ ሳይጠየቅ ይፈርዳል።

ዛሬ ሞዴሉ ከወደቀ የኢንሳፍ ኮንትራት አይታደስም። አክስቷ ፈዲላ የሪያድ ቪዛ ይዛ እየጠበቀቻት ነው። ኢንሳፍ ደግሞ የሪያድን ማድቤት አንዴ አይታዋለች፤ በቅቷታል።

ኮንትራቱን የምትፈርመው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ወይዘሮ አሰገደች ናት። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ስህተት። በጦርነቱ ወራት የጀልባ ቁጥር ዜሮ።»

«ዜሮ!» አለ ሰላሀዲን። «የሐይቅ ሰው መብላት አቁሞ ነበር?»

«እስቲ ‹ለምን› የሚለውን ይጫኑት፣ ዶክተር» አለች ኢንሳፍ።

ተጫነው። «ደንብ ሰባት፦ ሐይቁ ላይ ጀልባ ጠፍቶ አያውቅም። ምንጭ፦ ዶክተር ሰላሀዲን።»

«ምንጩ አስተማማኝ ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ምንጩማ አዲስ አበባ ነበር! ታጣቂ እንዳይወስድባቸው ብለው ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ድንጋይ ጭነው ደንገሉ ሥር አሰጠሙት። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ድንጋይ አቀብያለሁ።»

«ይሄ ወሬ ነው። ወሬ ዳታ አይደለም።»

«የሸሸ ሰው ግምት ነው ዳታ?»

«አፍሽን ሰብስቢ! የሌላውን ጊዜ አማካይ አስገቢና ቀዩ ይጥፋ።»

አሰገደች መነጽሯን አወለቀች። «በዚያ እሳት ውስጥ ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ከረመ ብዬ ልፈርም?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሲስተሙን እናነጋግረው» አለች ኢንሳፍ። ኪቦርዱን ሳበችና ዓይናቸው እያየ ጻፈች፦ «ደንብ ስምንት፦ ማንም ምንጭ ከመፍረዱ በፊት ቦታው ላይ መኖሩ ይጠየቅ።»

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። «ዶክተር ሰላሀዲን በጦርነቱ ወራት ሐይቅ ከተማ ነበሩ?» ብሎ ሦስት ምርጫ ደረደረ፦ «አዎ»፣ «አልነበሩም»፣ «አላውቅም»።

የሰላሀዲን ጣት ወደ «አዎ» ሄደ።

«ሰላሀዲን» አለች አሰገደች፣ «እኔም ሸሽቼ አልነበር? ቦሌ ሻይ ጋብዤህ የለ?»

ጣቱ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ «አላውቅም» ላይ አረፈ።

«ምንጩ ቦታው ላይ መኖሩ አልተረጋገጠም። ደንብ ሰባት ታግዷል» አለ ማሽኑ፤ ቀዩም ጠፋ። አሰገደች ኮንትራቱን ፈረመች።

«በማሽኔ ተጫወትሽብኝ» አለ፣ ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ። «ከእንግዲህ ደንቡን ብቻዬን ነው የምጽፈው!»

«ይጻፉ» አለች ኢንሳፍ። «ሲሸሹ ግን ማሽኑንም ይዘውልን ይሂዱ።»