ሰባት እጅ የነካው ስንጥቅ

ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ በሰማያዊ ቆርቆሮ የታጠረው ጉድጓድ ለፎቅ መሠረት የተቆፈረ ነው። ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሰዋለን ብለው ነበር የጀመሩት። ክረምቱ ገባ፣ እነሱ አልጨረሱም፣ ቁፋሮውንም አላቆሙም። አፈሩ እየተሸረፈ እየተሸረፈ መጥቶ የወይዘሮ የሺአረግ ሰርቪስ ቤት ሥር ደረሰ።

በዚያ ሰርቪስ ስመኝ የምትባል የሆሳዕና ልጅ ከባሏ ከኤርሳዶና ገና ዳዴ ከሚል ልጃቸው ጋር ተከራይታለች። ኤርሳዶ ደግሞ የዚያው ጉድጓድ የሌሊት ዘበኛ ነው። ሌሊት ጉድጓዱን ይጠብቃል፣ ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ይተኛል። ምን ይደረግ፣ ሌላ ቤት የለውም።

ግድግዳው ላይ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ጣት አስገባች። ወይዘሮ የሺአረግ ወረዳ ሄዱ፤ ባለሙያ ይላካል ተባሉ። የቁፋሮውን ኃላፊ አናገሩት።

"እናቴ፣ ቤትዎ አርጅቶ ነው" አላቸው።

"እኔም አርጅቻለሁ። ከሥሬ የሚቆፍር ካልመጣ ግን አልወድቅም" አሉት።

የቀሩት ልጆቹ ነበሩ። ልጆቹ ማለት በወይዘሮ የሺአረግ ሳሎን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ "ከኢምፔሪያል ወዲያ" የሚባል የኢንተርኔት መጽሔት የሚያዘጋጁ ሰባት ወጣቶች ናቸው። ደሞዝ የሚባል ነገር የላቸውም። አንዱ ባንክ፣ አንዷ ፋርማሲ፣ ሌላው ሌላ ቦታ ውሎ ከሥራ በተረፈው ጉልበት ስለ ከተማው ይጽፋል፤ የትኛው ካፌ ተከፈተ፣ የት ሥዕል ተሰቀለ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የማን ቤት ክትፎ ይሻላል። አንባቢያቸው ብዙ ነው። ዋናዋ ቤቴል ናት፤ የጎረቤት ልጅ፣ በወይዘሮ የሺአረግ እጅ ያደገች።

"ይሄን ጻፉልኝ" አሏት ስንጥቁን እያሳዩ። "ወረዳው እኔን ባይሰማ ስልክ ይሰማል። ሰው ሳይሞት ያስቁሙልኝ።"

ቤቴል ጻፈች። እውነት ለመናገር ደህና አድርጋ ነው የጻፈችው፤ ስታነብላቸው ሰምተዋል። "ይህ ግድግዳ በዚህ ክረምት ይወድቃል፤ ከጀርባው ሕፃን ይተኛል" ይል ነበር።

ልጆቹ ግን አንድ ሕግ አላቸው። ያለ ደሞዝ የሚሠራ ሰው አለቃ ሊኖረው አይገባም ይላሉ። ስለዚህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በሰባቱም እጅ ያልፋል፤ አንዱ ያልወደደውን ቃል ያነሣል፣ የሚሻለውን ይተካል፣ ክርክር የለም። ወይዘሮ የሺአረግ ይህን ሲሰሙ "በዚህ ሕግ ወጥ ብትሠሩ ጨው አይኖረውም" ብለው ነበር። ልጆቹ ሳቁ።

ባንክ የሚሠራው አዶኒያስ "ይወድቃል የሚለውን በምን እናረጋግጣለን?" ብሎ አነሣው። የፋርማሲዋ ልጅ ሕፃን የሚለው አንባቢ ያስጨንቃል አለች። አንዱ ክስ ይመጣብናል ብሎ ቁፋሮውን አወጣ። ሌላው መጽሔታችን የሚታወቀው ደስ በሚል ነገር ነው ብሎ ከራሱ ጨመረበት። ፎቶ አንሺዋ ሄኒ ስንጥቁን በጠዋት ፀሐይ አነሣችው። ያምራል፤ ችግሩም ማማሩ ነው።

ጽሑፉ ሲወጣ ያነበበችላቸውም ሄኒ ናት። "የገርጂ አሮጌ ግድግዳ፤ ጊዜ በገዛ እጁ የጻፈበት…"

ወይዘሮ የሺአረግ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ሕፃኑስ?"

"እሱ ወጣ፣ እማማ።"

"ጉድጓዱስ?"

"እሱም… ሁላችንም ካልተስማማን አይሆንም።"

"ታዲያ ስለ ምኔ ነው የጻፋችሁት?"

ሄኒ ስልኳን አየች። "አራት ሺህ ሰው ወዶታል እኮ፣ እማማ የሺ።"

"ታዲያ አራቱም ሺህ መጥቶ ይደግፈዋ!"

አፋቸው ክፉ ነገር ጠራ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይዘሮ የሺአረግ ለስመኝ ክፍል ሊፈልጉ ላምበረት ሄዱ፤ ሕፃን ያላት ተከራይ የሚቀበል ጠፍቶ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጆቹ አንባቢዎቻቸውን ግድግዳውን ሊያስጎበኙ አምጥተዋል። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቷል፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚቆፍረው እስካቫተር ያጓራል፣ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ለስንጥቁ ሰጥታ ለፎቶ ትስቃለች።

ያን ጊዜ ወይዘሮ የሺአረግ ሰሙት። ትልቅ ድምፅ አይደለም። የሰርቪሱ ጣራ ምስማር ነው፤ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ጢቅ አለ። ቆየት ብሎ ሌላው ጢቅ አለ።

ቢጮኹ ሰው ይተራመሳል፤ ወደ በሩ ይሩጥ ወደ ግድግዳው አይታወቅም። ፊታቸውን ፈታ አደረጉ።

"እንኳን መጣችሁ ልጆቼ። መንገዱ ላይ ጠበል ጸዲቅ አስቀርቤያለሁ። ቀምሳችሁ ትመለሳላችሁ።"

"እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እማማ" አለ አንዱ ረጅም ልጅ።

"ለአንተ ዳቦ አለ። ዳቦ ሃይማኖት የለውም፣ ውጣ።"

ሰው እየሳቀ ወጣ። ስመኝም ልጇን አዝላ ተከተለች። ውጭ ሲደርሱ ከኩሬና ከቆሙ መኪናዎች በቀር ምንም የለም። ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች ቤቴል ጠጋ ብላ።

መልስ ሳይሰጡ የስመኝ ፊት ተለወጠ። "ኤርሳዶስ?"

ወይዘሮ የሺአረግ ረስተውታል። ያን ሁሉ ብልሃት ለእንግዳ ሲያወጡ ውስጥ የተኛውን ሰው ረሱት። ዞረው ገቡ። ቤቴል ልትከተል ስትል "አንቺ እዚያው!" አሏት፤ ቆመች።

በሩን በጡጫ መቱት።

"እማማ፣ አሁን ገና ጋደም ማለቴ ነው፣ እንግዶቹ አላስተኙኝም" አለ ኤርሳዶ ከውስጥ።

"ልብስ አትፈልግ። እንዳለህ ውጣ።"

እንዲህ ተናግረውት ስለማያውቁ ወጣ። በባዶ እግሩ ክንዱን ይዘው ግቢውን አቋረጡት። በሩ ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ረጅም ትንፋሽ የመሰለ ነገር ተሰማ። ግድግዳው አልተገነደሰም፤ ቁጭ አለ። ቀጥሎ አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ጣራው እየተከታተሉ ወደ ጉድጓዱ ገቡ። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ አቧራ እንኳን አልተነሣም።

ስመኝ የባሏን እጅ ያዘች። ያ ሁሉ ሰው ስልክ በእጁ ይዞ አንድም ፎቶ ያነሣ አልነበረም።

ቤቴል ብቻ ትጽፍ ጀመር። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ለሰባቱ ግሩፕ ላከችው። ስልኳ ወዲያው ጮኸ፤ ባንክ ሥራ ላይ ያለው አዶኒያስ ነው። መልእክቱን ጮክ ብላ አነበበችው፤ "'ወደቀ' ከሚል 'ጉዳት ደረሰበት' ብንል?"

ቤቴል ወይዘሮ የሺአረግን አየች፣ ከዚያ ስልኩን ተጫነችው።

"አወጣሽው?"

"አወጣሁት።"

"ስንት እጅ ነካው?"

"የእኔ ብቻ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ መለሱ። እስካቫተሩ ጥቂት ቆሞ ነበር። ኃላፊው ከታች እጁን አወዛወዘና ማሽኑ ዞረ፤ ከወደቀው ቤት ሸሽቶ በወዲያኛው በኩል፣ የባለሱቁ የሙዘሚል አጥር ሥር፣ መዛቁን ቀጠለ። በአጥሩ ላይ የልጆች ዩኒፎርም ታጥቦ ተሰጥቷል።

"እማማ፣ አሁን እኮ ሰው ያነበዋል፣ ይመጣሉ" አለች ቤቴል።

"አንብበው እስኪጨርሱ እኔ በእግሬ እደርሳለሁ።"

ኩሬውን ዞረው ሄደው የሙዘሚልን በር አንኳኩ። ከውስጥ ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ ልጆች ይስቃሉ። የሚከፍት የለም። ድንጋይ አንሥተው ደግመው አንኳኩ።