የአቶ ይገዙ ዝውውር

በሰባ ስድስቱ ክረምት፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ ሲል፣ ቀበሌዎች የየራሳቸውን ታሪክ ጽፈው እንዲያቀርቡ ትእዛዝ ወረደ። መቼ ተቋቋመ፣ ማን መራው፣ ምን ሠራ፣ ይኸው ተጽፎ ለከፍተኛው ይላክ ተባለ። ከፍተኛው የቀበሌዎቹ ሁሉ አለቃ ነው፤ ከሱ ለመጣ ነገር ይደር አይባልም። ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለው የነአስቻለች ቀበሌም ታሪኩን በጸሐፊው በጌጡ አጻፈ። ሕዝቡ ሰምቶ አስተያየት ይስጥበት ተባለና እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ።

አስቻለች የመጣችው አንድ ስም ልትሰማ ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጌጡ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሰፊው ሕዝብ ታግሎ የቦኖ ውሃ አስገባ። ሰፊው ሕዝብ የኅብረት ሱቅ አቋቋመ። ሰፊው ሕዝብ መንገዱን በድንጋይ አለበሰ። ቀጥሎ ቀበሌውን የመሩት ሰዎች መጡ። አንዱ በዕድገት ተዛወሩ፣ ሌላው በሕመም ምክንያት ተሰናበቱ፣ አሁን ያሉት በሥራ ላይ ይገኛሉ ብሎ ጨረሰ። ሰዉ ለጭብጨባ እጁን ሲያነሣ አስቻለች ተነሥታ ቆመች።

"ሰፊው ሕዝብስ እሺ፣ ልብስ ሰፊው የታለ?" አለች።

ሳቅ ያመለጣቸው ነበሩ። ባሏ ይገዙ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የቀበሌው የመጀመሪያ ሊቀመንበርም እሱ ነው። ሳቁ ግን እንዳመለጠ ቀረ፤ ያልሳቁት የሳቁትን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ሰብሳቢው አስተያየቱ ተመዝግቧል አለና ስብሰባውን በተነ።

የሰፈሩ ሰው ስሟ አስቻለች ነው እንጂ እሷስ ለማንም አታስችልም ይላታል። እውነትም አታስችልም። የያዘችውን አትለቅም። ይገዙም ያገባኋት ጨነቀኝና ነው እያለ ይቀልድባት ነበር። ልጅ አልሰጣቸውም። እሱ ይሰፋል፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ እንዲህ ነበር ኑሯቸው።

በስልሳ ስምንት ሕዝቡ እጁን አውጥቶ ሲመርጠው ይገዙ አልፈልግም ብሎ ነበር። ልብስ ልለካ እንጂ ሰው መለካት አልችልበትም አለ። ግድ ብለው ሾሙት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ቤት ሲገባ የቢሮ ወሬ ይዞላት ይመጣል። እገሌ ወደ ጂማ ተዛወረ፣ የእንትን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ወደ ጎባ ተዛወረ ይላታል። እሷ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱስ? ቦታ ይዞ ያስመጣታል ይላታል። በሷ ቤት ተዛወረ ማለት ይኸ ነው። ባል ቀድሞ ይሄዳል፣ ሚስት ትከተላለች።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ይገዙ ለስብሰባ ተብሎ ከፍተኛው ተጠራና እዚያው ቀረ። የሰፈሩን ልጆች ስም አምጣ ቢሉት ዛሬ ነገ እያለ አጉላላቸው ነው የሚባለው። አስቻለች ስንቅ ታመላልስ ጀመር። በር ላይ ትሰጣለች፣ ሳህኑ ባዶውን ይመለስላታል፤ ባዶ ሳህን ካየች በላ ማለት ነውና ደስ ብሏት ትመለሳለች። አንድ ጠዋት ግን ዘበኛው ምግቡን እንዳለ መለሰላት።

"ተዛውሯል" አላት።

ወዴት ብትለው እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ፣ ተዛውሯል ነው ያሉኝ፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ አለና በሩን ዘጋው። ያን ጊዜ ሰው ልጁን ከመንገድ ዳር የሚያነሣበት፣ አንሥቶም እንዳያለቅስ የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። የአስቻለች ሰው ግን መንገድ ዳር አልወደቀም፣ ተዛወረ። ዳገቱን ስትወጣ ጎረቤቷን ብርቅነሽን አገኘቻትና አንቺ ይገዙን እኮ አዛወሩት አለቻት። ብርቅነሽ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፤ ቆይታ "እሰይ" አለች።

ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ኖረች። የስፌት መኪናውን ዘይት እያጠጣች፣ የሰው ልብስ እየጠገነች፣ ቦታ ይዞ እስኪያስመጣት ጠበቀች። ደብዳቤ አለመምጣቱንም ምክንያት አበጀችለት፤ የሄደበት አገር ፖስታ ቤት ባይኖረው ነው ትላለች። ባልሽስ ላላት ሁሉ ተዛውሮ ነው ትላለች። አንድም ሰው ተሳስተሻል ያላት የለም።

እንግዲህ ታሪክ ይጻፍ ሲባል ደስ ያላት ለዚህ ነበር። የሌላው ሊቀመንበር ዝውውር ከተጻፈ የይገዙም መጻፍ አለበት፤ ሲጻፍ ደግሞ ወዴት እንደተዛወረ ይጠየቃል። ሰኞ በጠዋት ጌጡ ቢሮ ገባች።

ጌጡ ሰፈር ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። የለበሰውን ሱሪ ሳይቀር ጉልበቱን የጠገነችለት እሷ ናት። ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

"እትዬ አስቻለች፣ እሷ ቦታ ባዶ ትቅርልን" አላት።

"ባዶ? ቦኖውን ያስገባው ባዶ ነው?"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም።"

"ታዲያ ያንን ሰውዬ በዕድገት ተዛወሩ ብለህ የለም? የኔም ተዛውሯል። የቀረው አገሩ ነው፣ እሱን ጠይቅና ጻፍ።"

ጌጡ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ እስክሪብቶውን ይከፍታል ይዘጋል። ፈሪ አለችው በሆዷ፤ ስትወጣ ደግሞ በአፏም አለችው።

ብርቅነሽ ቤቷ ድረስ መጣች። የነጠላዋን ጥለት ስትጠመዝዝ ስታፍታታ ቆየችና ተይው አለቻት። አሁን ስሙ ቢጻፍ ምን ይጨምርልሻል አለቻት።

"አድራሻ ይጨምርልኛል" አለች አስቻለች።

ብርቅነሽ የጀመረችውን ሳትጨርስ እሳት ላይ የጣድኩት አለ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ጋሽ ቶለሳ መጡ። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ በሰፈሩ ያልቀበሩት፣ ያላስታረቁት የለም። ደጃፏ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ እንጂ አልገባም አሉ። አንዳንድ ነገር ሳይነካ ሲቀመጥ ደግ ነው፣ ልጄ ሳትነኪው ይቀመጥ አሏት። አስቻለች ደሟ ፈላ። እናንተ ቦታችሁ እንዳይነካ ነው የምትፈሩት፤ ይገዙ ዳኝነቱን ሲያጸድቅልዎ ሰው ነበር፣ ዛሬ ስሙን መጥራት ሞት ሆነብዎ አለቻቸው። ሽማግሌው ሰደበችኝ ብለው አልተቆጡም። ልክ ነሽ ብለው አንገታቸውን ደፍተው ቁልቁል ወረዱ። እሷም ልክ ነኝ ብላ አደረች።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። ተቀምጣ በዚያ ጎልዳፋ ጽሕፈቷ አንድ ማመልከቻ ጻፈች፤ ባለቤቴ አቶ ይገዙ ወልዱ የተዛወረበት ቦታ ተጣርቶ በቀበሌው ታሪክ ላይ ይግባልኝ የሚል። ለጌጡ አልሰጠችውም። ራሷ ይዛው ከፍተኛው ሄደች። የተቀበላት ሰው ለቦታው እንግዳ ነው፣ ይገዙንም እሷንም አያውቅም። አነበበውና ልክ ነዎት እናቴ፣ ታሪክ ጎደሎ መሆን የለበትም፣ መዝገብ አይተን እናስገባዋለን አላት። እንደ ሙሽራ እናት ደረቷን ነፍታ ተመለሰች። ላገኘችው ሁሉ በመንገድ ነገረች። ብርቅነሽ ስትሰማ ከበሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

በዓሉ ሊደርስ ሲል አዳራሹ በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ። ታሪኩ ታርሞ መጥቷል፤ የሚያነበው ከከፍተኛው የተላከ ካድሬ ነው፣ ጌጡ ከግድግዳው ተለጥፎ ቆሟል። አስቻለች የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ካድሬው ስለ ቦኖው አነበበ፣ ስለ ሱቁ አነበበ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ፦

"የቀበሌው የመጀመሪያ ሊቀመንበር አቶ ይገዙ ወልዱ ሲሆኑ፣ ማኅበሩን ከስልሳ ስምንት እስከ ሰባ ዓመተ ምሕረት መርተዋል።"

አስቻለች ወንበሯ ላይ ዞረች። አላልኳችሁም ልትላቸው፣ ፊቷ በርቶ፣ ወደ ኋላ ወደ ሰዉ ዞረች። ካድሬው ማንበቡን አላቆመም።

"በሰባ ዓመተ ምሕረት ፀረ አብዮት አቋም ስለተገኘባቸው አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶባቸዋል። ሁለተኛው ሊቀመንበር..."

ያችን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቃት የለም። ሬዲዮው ስንቱን ቤት የዘጋው በሷ ነው። ተዛወረ ወዲህም ወዲያም ይተረጎም ይሆናል፤ የእርምጃ ተወሰደበት ትርጉም ግን አንድ ነው።

አስቻለች ፊቷ እንደዞረ ቀረ። ያየችው ሰዉን ነው። ማንም አልደነገጠም። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ፣ ብርቅነሽ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች፤ ድሮ የተለቀሰ ልቅሶ ነበር የምታለቅሰው። አዲስ ነገር የሰማ ሰው በዚያ ሁሉ መሀል እሷ ብቻ ነበረች። ጌጡ ባዶ ይቅር ያለው፣ ጋሽ ቶለሳ ስድቧን የጠጡት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። መርዶውን ከሷ ደብቀው ይዘውላት ኖረዋል፤ ሄዳ፣ ማመልከቻ ጽፋ፣ ከእጃቸው አውጥታ ያስነገረችው ራሷ ናት።

እስኪያልቅ ቁጭ አለች። መፈክሩ ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ካድሬው በላንድሮቨሩ ሄደ። ሰዉ ግን ከወንበሩ አልተነሣም፤ እሷን ነው የሚጠብቀው። ቀስ ብላ ተነሣችና ጋሽ ቶለሳ ፊት ቆመች።

"ጋሽ ቶለሳ፣ እኔ ዛሬ የሰማሁት ነገር የለም" አለቻቸው። "የኔ ባል ሞት በማይክራፎን አይነገርም። ቤት አለው፣ ደጅ አለው። ሰው ሆናችሁ ኑና ንገሩኝ።"

ሽማግሌው እንመጣለን አሉ።

ቤቷ ገብታ የስፌት መኪናውን ጥግ አስጠጋች፣ መሬቱን ጠረገች፣ ሰሌኑን ዘረጋች። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው በሯን ዘግታ ጋደም አለች። እንቅልፍ ግን በዓይኗ አልዞረም።

ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከእንጦጦ ማርያም የሚወርደው ብርድ ሳይለቅ፣ በሩ ተንኳኳ። ማን ነው አለች። ቶለሳ ነኝ አሉ። ከፈተች። ከደጃፏ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩም አልፎ እስከ ቦኖው፣ ሰፈሩ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። ጌጡ አለ፣ ብርቅነሽ አለች። መርዶ የሚመጣበት ሰው እንደሚለው አለች፦

"ምነው በጠዋት? ደህና ናችሁ?"

ጋሽ ቶለሳ ስንቱን ቤት አርድተዋል፤ የዚያን ዕለት ግን ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ተመረኮዙ።

"አስቻለች ልጄ፣ ይገዙ ሞቷል" አሉ።

"መቼ?"

"ያኔውኑ ነው። እንዳንነግርሽ ከለከሉን። ሲፈቀድልን ደግሞ አፋችን እምቢ አለን።"

ራሷን ነቀነቀች፣ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ያችን የመጨረሻዋን ነገር ጠየቀች።

"የት ነው ያለው?"

ጋሽ ቶለሳ ወደ ጌጡ ዞሩ፣ ጌጡ ወደ መሬት አየ።

"እሱንስ አናውቅም ልጄ" አሉ ሽማግሌው።

አስቻለች ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ይገዙ ብላ አንዴ ተጣራች፤ የሚሰማ ሰው እንደሚጠራ፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ሴቶቹ ገብተው ያዟት።