የሀያቱ ምስክሮች

...በሳቅ ሞትኩ፣ ሆዴን፣ ኧረ ሆዴን፣ ታክሲው ሙሉ ሰው እያየኝ፣ ይዩ፣ ቆይ የሺ፣ ዋናውን አታስቀድሚው፣ እሱን ለመጨረሻ ያዢው፣ ወያላው ጠጋ በይ ማዘር ይላል፣ ወዴት ልጠጋ፣ ይሄን ዳሌ የት ላድርሰው፣ እና ሩሀማ፣ የእህቴ ልጅ፣ ኮምፒዩተር የተማረችው፣ ለእኛ ለመርካቶ ጭድ ተራ ነጋዴዎች ያንን የተሸካሚ መመዝገቢያ ስልካችን ላይ ስትጭንልን፣ ቀበሌ የለም፣ ማኅተም የለም፣ አለቃ የለም፣ የተሸካሚው ፎቶ ይገባል፣ ሁለት የተራው ሰው ታማኝ ነው ብሎ ይመሰክርለታል፣ ከተሸካሚውም ከምስክሩም ስም አጠገብ የታማኝነት ኮከብ ይበራል፣ በቃ፣ መታወቂያው እናንተ ናችሁ አለች። እኛ። አንድ ለአምስት ነው እንዴ አልናት፣ አይደለም አክስቴ፣ እዚህ ማንም ማንንም አይሰበስብም።

ታዲያ ይሉኝታችን የት ይሂድ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ አልመሰክርልህም የሚል ማን አለ፣ ሁሉም ለሁሉም መሰከረ፣ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ የተሰወረው ጥጋቡ እንኳ ባለ ሙሉ ኮከብ ሆኖ ቁጭ። ሩሀማ ተናደደች፣ ከእንግዲህ ለሌባ የመሰከረ የራሱ ኮከብ ይወድቃል፣ ንጹሑን የካደም እንደዚያው። ያኔ ምስክሩ ሁሉ ሹልክ ሹልክ። ከወሎ ለመጣው፣ ምንም ወረቀት ለሌለው ለተሸካሚው ለሀያቱ የቀረነው እኔና ብርድ ልብስ አከፋፋዩ አብደላ ብቻ።

ዛሬ ጠዋት ሀያቱ የአብደላን ብርድ ልብስ ተሸክሞ ወደ ራጉኤል በኩል ወጣ፣ ቀረ። ስልኩ ዝግ። ቀትር አለፈ፣ የለም። አብደላ ምስክርነቱን አነሳ፣ አንቺም አንሺ የሺ፣ ኮከብሽ ከወደቀ በዚህ ተራ ማን ያምንሻል፣ እውነቱን ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያቆየሁት ስም፣ ጣቴ ስልኩ ላይ፣ ፊደል እንኳ በቅጡ ያልቆጠርኩት በአንድ ጣት ሰው ላጠፋ፣ እኔም ካነሳሁ ነገ ማን ጭነት ይሰጠዋል፣ ግን ምኑን አውቃለሁ፣ አገሩን አላውቅ፣ ዘመዱን አላውቅ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ጭነት ሲያወርድ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ነው፣ የራሱ ያልሆነውን እንዲህ የሚያወርድ፣ አይ፣ አላነሳም፣ ስልኩን ጡቴ ስር ሸጎጥኩት።

አስር ሰዓት ላይ ከች። ለካ ብርድ ልብሱን የሚረከበው ደንበኛ ቀብር ሄዶ ሱቁ ዝግ ነበር፣ አማቹ ለእኔ ተወው ቢለው እምቢ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ውሏል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ። ደንበኛው ራሱ ደውሎ አረጋገጠ። የሀያቱ ኮከብ ወጣ፣ የአብደላ ዱብ፣ የወደቀውን ኮከብ መልሶ የሚያወጣለት ደግሞ እሱ ራሱ የካደው ሰው ምስክርነት ብቻ ነው፣ የሩሀማ ሕግ። አብደላዬ የሀያቱን ስልክ በገዛ እጁ ቻርጅ አድርጎ፣ ተራው ሁሉ እያየ ይዞለት መጣ፣ ወንድሜ ታማኝ ነው የምትለዋን አንዴ ጫን በልልኝ፣ ሀያቱ ላቡን ጠረገ፣ አልተቆጣ፣ አልሳቀ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ጋሼ አብደላ፣ ትንሽ አብረን እንሥራና ልይዎት።»