የኦኖፍሬ ስንብት

ኦኖፍሬ «በይ እንግዲህ ልሂድ» ካለ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ከወንበሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እህቱ ዳልቫም ወጉ እንደሚያዘው «ገና በጊዜ! ምን አጣደፈህ?» ብላዋለች። በብራዚል፣ በሚናስ ገጠር አንዴ ብቻ ተሰናብቶ የሚወጣ እንግዳ እንደተቀየመ ይቆጠራል።

ጠዋት ደጃፏ ላይ ካየችው ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከነክናት ዋለ። ለመታረቅ ነው የመጣው ወይስ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያያት? አፍ አውጥታ መጠየቁን ፈራች። ከመሰናበቻው እሰማዋለሁ ብላ ጠበቀች። ነገ ለሚያገኙት ሰው «ቻው» ይባላል፤ ራቅ ብሎ ለሚሄድ «አቴ ብሬቪ»፣ በቅርብ ያገናኘን እንደማለት። «አዴውስ» ግን በዚያ መንደር ለሬሳ ሳጥን እንጂ ለሰው አይባልም።

ኦኖፍሬ ግን ይህንኑ ቃል አንድ ጊዜ ብሏታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናታቸው ስትሞት ዝናብ መንገዱን ቆርጦበት ዘገየ፤ ዳልቫም ሳትጠብቀው አስቀበረች። ሲደርስ አፈሩ ተመልሷል።

«እናቴን እንኳን እንድሰናበታት አልፈቀድሽልኝም። አዴውስ፣ ዳልቫ» አለና በሩን በርግዶ ወጣ።

ዛሬ ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ኦኖፍሬ ከወንበሩ ተነሳ። አውቶብሱ የሚቆመው ከቤቱ ፊት ለፊት ነው። ዳልቫ እንደ ሳሙና የጠጠረ የዘይቱን ማርማላታ ልትጠቀልልለት ጓዳ ገባች።

እንግዳ በሩን በገዛ እጁ ከፍቶ ከወጣ ወደዚያ ቤት አይመለስም ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ ከፍቶ መሸኘት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ዳልቫ እንዲህ ያለውን ነገር የምታምነው ሲያስፈራት ብቻ ነበር። አሁን ግን ወንድሟ ምን እንደሚያደርግ ማየት አማራት። የጥቅሉን ክር አሰረች፣ ፈታች፣ ደግማ አሰረች። አንገቷን አስግጋ ስታይ፣ ኦኖፍሬ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ፊት ተገትሯል።

የአውቶብሱ ጡሩምባ ተሰማ።

«ዳልቫ! ነይ ክፈቺልኝ እንጂ፣ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«እጅ የለህም እንዴ? ያኔ ልትገነጥለው ምንም አልቀረህ!»

«ያኔ ያኔ ነው። ዛሬ አንቺ ክፈቺው።»

ልትሮጥ አሰበች፤ ግን ጥቅሉን እንዳቀፈች እዚያው ቆመች።

«ልጠብቅህ ይገባ ነበር» አለች ካለችበት ሆና። «ጎረቤቱ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ሲለኝ ደነገጥኩ። አንድ ቀን ብጠብቅህ ምን ነበረበት?»

ውጭ ሞተሩ አጓራ፤ ከዚያም ድምፁ ወደ ቁልቁለቱ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ዳልቫ ጥቅሉን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች።

«ሄደ» አላት።

«ሌላው ነገ ጠዋት ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ኦኖፍሬ፣ እጆቹን ከኪሱ ሳያወጣ። «በሩን ግን አልነካሁትም።»