እሱ የቱ ጋ ነው?

«ፒካፑንም ቢሆን ራሱ ነው የጠቀለለው» አለ የሟቹ ጓደኛ ሙርሺድ።

ድንኳኑ ውስጥ ከጎኑ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ከፈለ ቀና አሉ። «አብሳሎም ፒካፕ ነበረው እንዴ? እኔ ሁልጊዜ በእግሩ ሲሄድ ነበር የማየው።»

«የመኪናው አይደለም አባባ፤ የጊታሩ ነው። ከክሮቹ ሥር በሽቦ የተጠቀለለች ማግኔት አለች። ክሩ ሲርገበገብ ለድምፅ ማጉያው የምትነግረው እሷ ናት። ሽቦዋ ተበጠሰችበትና ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይዞ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ እኔ ልብስ ስፌት ሱቅ መጣ። በስፌት መኪናዬ ስናዞረው ዋልን።»

«በስፌት መኪና?»

«ወላሂ! የሰው ሱሪ አቁሜ።»

አቶ ከፈለ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ማዶ የተቀመጡት ሁለት መምህራን ግን አልቻሉም፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ጽዮናዊት የሻይ ቴርሞስ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ስለ ወንድሜ ሲስቅ ብሰማ ይከፋኛል ብላ ታስብ ነበር። አልከፋትም። እንዲያውም ሙርሺድ ወሬውን እንዳያቆም ፈራች።

አብሳሎም ታላቅ ወንድሟ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ለፍቅሩ ሲል ብቻ ነበር፤ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከሊሙ ገነት ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። እሱም አልተረፈም፤ ለዓመታት የቀዳቸው ሙዚቃዎች የነበሩበት ላፕቶፕም አልተረፈም። ጊታሩ ብቻ የዚያን ቀን ቤት ቀርቶ ነበር።

ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ከሀጂ ኡመይር ወፍጮ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሀጂ ኡመይር መርዶውን በሰሙበት ዕለት ወፍጮውን አጥፍተው፣ በሩን ቆልፈው መጡና ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። እህል ያመጡ ሴቶች ጆንያቸውን መልሰው ተሸክመው ወደ ታችኛው ሰፈር ወረዱ፤ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። ጽዮናዊት ግን ዝምታው አስጨነቃት። ከተወለደች ጀምሮ ያ የወፍጮው እምምታ ከጆሮዋ ጠፍቶ አያውቅም።

አብሳሎም ቤት ውስጥ መቅዳት የጀመረ ሰሞን ከዚህ ወፍጮ ጋር ጦርነት ገጥሞ ነበር። ቤዙ በሽቦ በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ስለሚገባ ችግር አልነበረበትም። ክራር ለመቅዳት የሚቆመው ማይክራፎን ግን ያልተጠራውን ወፍጮም ይቀዳዋል። መስኮቱን በፍራሽ ደፈነ። ብርድ ልብስ ሰቀለ። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ወፍጮው በመሬት በኩል ገባ።

አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ሁሉ አወረደና ጆሮውን ግድግዳው ላይ አደረገ።

«ጽዮን፣ ነይ ስሚ። ይሄ ወፍጮ እኮ ከያዘው ድምፅ ንቅንቅ አይልም። ከሶል ኖታ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፍ ይላል። የማንስማማው እኛ ነን እንጂ እሱ ምን አደረገ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጊታሩን በስልክ መቃኛ መቃኘት ተወ፤ በወፍጮው ቃኘው። ጓደኞቹንም እንዲሁ አስቃኛቸው። የወፍጮው ድምፅ ቀረጻው ውስጥ እንዳለ ቆየ፤ ረብሻነቱ ግን ቀረ። ከሥር ሆኖ ዘፈኑን የሚሸከም ሆነ። ጓደኛው ሶሬሳ የመጀመሪያውን ቀረጻ ሲሰማ፣ «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ሀጂ ኡመይር ሳያውቁ የባንዱ አራተኛ አባል ሆኑ በለኛ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ያ ሶሬሳ በመርዶው ማግስት ከሊሙ ገነት መጣ። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው የሚሠራው። አብሳሎም ለመጨረሻ ጊዜ የሄደውም እሱ ዘንድ ነበር፤ ክራሩን ሊቀዳለት። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ የአብሳሎም እናት ወይዘሮ ውቢት እግር ሥር ተንበረከከ፤ «ማል ጎና፣ አዮ፣ ማል ጎና» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ምን እናድርግ፣ እናቴ። ወይዘሮ ውቢት ራሱን አቅፈው አብረው አለቀሱ። ከዚያ ሄዶ ከሙርሺድ ጎን ተቀመጠ። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው እንደተቀመጡ ያየችው ጽዮናዊት ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በወር አንድ እሑድ ሦስቱ ጓደኛሞች እዚህ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ሦስቱም የሚጫወቱት ቤዝ ነው። ሙርሺድ፣ «እኛ ሦስት በረኛ ብቻ ያለው ቡድን ነን» ይላል። ለቀረጻ ሲሆን እሱ ወደ ኪቦርዱ፣ ሶሬሳ ወደ ክራሩ ይዞራሉ፤ ቤዙ ለአብሳሎም ይቀራል። ይህን የወሰነው ማንም አልነበረም። ሲጫወት ስለሰሙት ብቻ ነው።

ክርክራቸው ግን ማለቂያ አልነበረውም።

«ባለ አምስት ክር እገዛለሁ» ይላል ሶሬሳ።

«አራቱን መቼ ጨረስከው?» ይላል ሙርሺድ።

«አንተ ደግሞ ያንን ለስላሳ ክር ቀይረው። የታፈነ ከበሮ ነው የሚመስለው።»

«ያንተው ይሻላል? ጣትህን ባንቀሳቀስክ ቁጥር አይጥ የረገጥክ ነው የሚመስለው!»

ትልቁ ጠብ ትዝታ ቅኝት ላይ ነበር። ሙርሺድ በኪቦርድ ኮርድ ስለተማረ ቤዝ ሲይዝም በትዝታ ውስጥ የሌለውን ፋ የሚባለውን ድምፅ እያስገባ ይጫወታል። ሶሬሳ፣ «ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ ስድስተኛ ከጨመርክ ሌላ ነገር ሆነ» ብሎ ይቆጣል። አብሳሎም ሁለቱንም በደንብ ያስጮሃቸውና መጨረሻ ላይ ጊታሩን ያነሳል።

«ፋ እንግዳ ነው። እንግዳ ከደጅ አይመለስም፤ ግን መኝታ ቤትም አይገባም። በር ላይ ሰላም በሉትና ይለፍ።»

ከዚያ ይጫወተዋል። ከሶል ወደ ሚ ሲወርድ ፋን ለአንዲት ቅጽበት ነካ አድርጎ ያልፋል።

«ቆይ... እስቲ ድገመው» ይላል ሙርሺድ።

ጽዮናዊት ይህን ሁሉ የምትሰማው ከጓዳ ሆና ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ወጥታም ሰው ፊት አፏን መክፈት አልለመደችም። እንግዳ ሲመጣ ትሰወራለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን አብሳሎም ጊታሩን እሷ ጭን ላይ ያደርገዋል። «አንቺ ተጫወቺ፣ እኔ ልስማ» እያለ የድምፁን መጠን ሲያስተካክል፣ ሽቦ ሲቀያይር፣ የራሱን የቤዝ መስመር ደጋግማ የምትጫወትለት እሷ ነበረች። ሲያስተምራት ግን አስተማሪ አይመስልም ነበር። ስትሳሳት «ይሄኛውም ያምራል፣ ግን የኔን ደግሞ ልስማው» ይላታል። እንዲህ እየተባለች እያንዳንዱን ድምፅ ከነማረፊያው ያዘችው። ይህን ከወንድሟ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እናቷም ጭምር።

ወይዘሮ ውቢት ነርስ ናቸው፤ ለብዙ ዓመት የሠሩት በሌሊት ተራ ነው። ሣልስቱ ከወጣ በኋላ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ሁለቱን ጓደኛሞች ወደ ውስጥ ክፍል ጠሯቸው።

«ልጄ ሲጫወት ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «እኔ ስገባ እሱ ይወጣል፤ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሲያወራው ስሰማ፣ የሌላ ሰው ልጅ መሰለኝ። እናንተ ዘንድ የተቀዳ የለም ወይ?»

ሙርሺድ ወደ ሶሬሳ አየ። ለቅሶ ቤት ነው፤ ሬዲዮ እንኳ ተነቅሎ ጎረቤት ሄዷል።

«እማማ፣ እዚህ ሙዚቃ... ነውር አይሆንም?»

«ነውሩን ለእኔ ተወው።»

ሶሬሳ በሩን ዘጋ። የቀረው ቀረጻ አንድ ብቻ ነው፤ አብሳሎም በቴሌግራም ልኮላቸው የነበረ። ሙርሺድ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ከፈተና በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላቸው። ወይዘሮ ውቢት ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይሄ ክራር ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አዮ» አለ ሶሬሳ።

«ይሄኛውስ? ኦርጋኑ?»

«እሱ እኔ ነኝ» አለ ሙርሺድ።

ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«እሱ የቱ ጋ ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ስለ ቤዝ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች፣ የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዝ እንደማያወጣ ረስተው ነበር። እነሱ ራሳቸው የሰሙት መስሏቸው ነበር፤ በልባቸው ስለሚያውቁት። ሙርሺድ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከኪሱ የጆሮ ማዳመጫ አውጥቶ ሰጣቸው። እንደገና ከፈተው። ወይዘሮ ውቢት ትንሽ ሰምተው አወለቁት።

«ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫል። እሱን የምለየው በምንድን ነው?»

«ከሥር ነው ያለው እማማ። ሁሉንም የያዘው እሱ ነው።»

«ከሥር የት ነው?»

ለብቻው ነጥለው እንዳያወጡላቸው፣ ተነጣጥሎ የተቀዳው በአደጋው በጠፋው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር።

«እናንተስ አላችሁ» አሉ ወይዘሮ ውቢት በቀስታ። «ደግ ልጆች ናችሁ። ልጄ ግን የለም። ሙርሺድ፣ ነገ ናና ጊታሩን ውሰደው። ምን እንደሚል ሳላውቅ እዚያ ቆሞ ሲያየኝ አልችልም።»

ጽዮናዊት ይህን ከበሩ ኋላ ሰማች። ገብታ «እኔ አውቀዋለሁ» ልትል ፈለገች። ሁለት እንግዶች ፊት፣ እናቷ ፊት። አልገባችም። ወደ ጓዳ ሄዳ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠበች።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ውቢት ወደ ሀጂ ኡመይር ሰው ላኩ። «ሰው እህሉን ተሸክሞ ሲንከራተት ልጄ ደስ አይለውም፤ ወፍጮውን ያስነሱት» አሉ። ሀጂ ኡመይር ቢስሚላህ ብለው አስነሱት። ጓዳ የነበረችው ጽዮናዊት ግድግዳው ሲያጉረመርም እጇ ላይ የነበረውን ነገር አስቀመጠች። ሙርሺድ ዛሬ ይመጣል። ጊታሩ ከወጣ፣ እናቷ «ልጄ የለም» እንዳሉ ይቀራል።

ወይዘሮ ውቢት ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ልጃቸው ጊታሩን ታቅፋ ስትገባ ተነሥተው ተቀመጡ።

«ሙርሺድ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም። ልትሰሚው ነው።»

«ጽዮን! ሰው ምን ይለናል? ሬሳው አፈር ሳይደርቅበት...»

«ከአንቺ በቀር ማንም አይሰማም፣ እማ።»

ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ከድምፅ ማጉያ ጋር ያልተያያዘ ቤዝ ጊታር ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። የጊታሩን ትከሻ ወደ እናቷ አስጠጋች።

«አገጭሽን እዚህ አስደግፊው። አብሲ እንዲህ ነበር የሚለማመደው። አንቺ ከሌሊት ሥራ መጥተሽ ስትተኚ ሽቦውን ነቅሎ፣ አገጩን እንጨቱ ላይ አድርጎ። በአጥንቱ ነበር የሚሰማው።»

ወይዘሮ ውቢት ልጃቸውን አዩዋት።

«እንዳልነቃ ብሎ?»

«እንዳትነቂ።»

እናትየው ጥቁር ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር ፈቱ፤ ጎንበስ ብለውም አገጫቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ጽዮናዊት ጀመረች። የመጀመሪያው ድምፅ ተሰበረ። እንደገና ጀመረች። የወይዘሮ ውቢት ዓይን በድንገት ተከፈተ።

«ጥርሴ ውስጥ ገባ» አሉ።

«ይሄ ነው፣ እማ። ይሄ እሱ ነው።»

መስመሩ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ዘፋኝ የሚተነፍስበትን ቦታ ይተዋል፤ አይቸኩልም። ፋ ጋ ሲደርስ ነካ አድርጋ አለፈችው።

«እዚያ ጋ ምን አደረገ?»

«እንግዳ ሰላም አለ።»

«ደግሜ ልስማው።»

ደገመችው። ሦስተኛም ጠየቋት። ሰው እያያት መሆኑን ረስታ ነበር። አሁን የእናቷ እንባ በጊታሩ ትከሻ ላይ ወርዶ ወደ ክሮቹ ይሄዳል፤ ጽዮናዊት ግን አላቆመችም።

የግቢው በር ተንኳኳ። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ?» የሙርሺድ ድምፅ ነው። «እማማ፣ ለጊታሩ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጽዮናዊት ደንግጣ ልትነሣ ስትል ወይዘሮ ውቢት እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸውን አራቱም ክሮች ላይ አሳረፉ። ድምፁ ቆመ። እርምጃው ወደ በሩ እየቀረበ መጣ። ጊታሩን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት እንጂ መዳፋቸውን አላነሡም።